አምስተኛው ጥርስ

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው። ወደ ኋላህ አትዙር፤ ሌላ ሰው አልጠራሁም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመህ «ይሄ ደግሞ የማን ጽሑፍ ነው?» እያልክ መነጽርህን ወደ ላይ የምትገፋው፣ አንተን ነው የምልህ። ከኋላህ ተንጠራርተው የሚያነቡትም ያንብቡ፣ አትከልላቸው። ለብቻችን የምንነጋገርበትን በር የዘጋኸው አንተ ነህ።

ውድ መዝገበ ቃላት፣

«ውድ» ስልህ ናፍቄህ እንዳይመስልህ። ገበያ ላይ እጅ የማያስቀርብ ዕቃም ውድ ነው የሚባለው። ድሮ «ና እስቲ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» ስልህ ሙጫ የነካ እጅህን ሳትታጠብ ትመጣ ነበር። ዛሬ አንተን ለማግኘት ጸሐፊ አለች፣ ቀጠሮ አለ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባል ነገር አለ። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥቻለሁ። በሦስተኛው ጸሐፊህ «ጉዳይሽ ምንድን ነው?» ብትለኝ «ጥርስ» አልኳት። «የጥርስ ሐኪሙ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ የእኔ እህት» አለችኝ። ምን ላድርጋት? ስቄ ወረድኩ። ደረጃው መሀል ስደርስ ግን ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ።

ስለዚህ ይኸው በሰሌዳ መጣሁብህ። የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው፣ መቁረጫ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ ከመጽሐፍ ጠርዝ በተረፈ ቅንጥብጣቢ ወረቀት ላይ። ቁጭ ብዬ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ ወንበሩ አልቀበል አለኝ። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ እስከ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ሌላ ሁለት መስመር። መስመሩ ቢንጋደድ የእግሬ ጥፋት ነው።

ጉዳዩን ለሁሉም ግልጽ ላድርገው። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ። ሁለት ነገር ይጸድቃል። አንደኛ፣ አንተ ፈጠርከው የተባለው የወረቀት መብሻ በአሥር ተባዝቶ ጥራዝ ክፍል ይገባል። ሁለተኛ፣ ከሰባታችን መጽሐፍ ሰፊዎች አራቱ ይሰናበታሉ። የዝርዝሩን አናት የያዙት እትዬ ናቸው፤ እትዬ መርፌ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት የሰፉት። ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል፦ «የእይታና የእጅ ቅልጥፍና መቀነስ፣ በዚህም የተነሳ ዘጠኝ መዝገቦች ገጻቸው ተገልብጦ መሰፋቱ።» ይህን ካነበብኩ ቀን ጀምሮ ነው ወንበር አልቀበልሽ ያለኝ።

ገጹን የገለበጠው ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። አውቀህ ነው ዝም ያልከው።

ከኋላህ ካሉት አዲሶች ጋር ደግሞ እንተዋወቅ። እኔና አንተ እዚህ ማተሚያ ቤት የገባነው በአንድ ሳምንት ነው፣ የታተመ ወረቀት ተሸካሚ ሆነን። አንተ ቃል ትወድ ነበር። መጥረጊያ ሲጠፋ «የጽዳት መሣሪያ እጥረት አጋጥሞናል» የምትል ሰው ነበርክ፤ መሰላሉን «መወጣጫ» ካላልከው አትወጣበትም። መዝገበ ቃላት ያልንህ ለዚህ ነው። እኔን ደግሞ «ራዲዮ» አልከኝ። «የዚህች ልጅ ማጥፊያዋ በየት በኩል ነው?» እያልክ ጀርባዬን ትፈትሽ ነበር። አልተቀየምኩም። እውነትም ማጥፊያ የለኝም።

አንተ የማታ ትምህርት ቀጠልክ፤ እያደርም ፎቅ ላይ ቢሮ ያዝክ። እኔን ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ የምሰፋው ወረቀት ነው። ለዚህ ነው የማውቀው ነገር ሁሉ ከመሀል የሚጀምረው። ስለ ንብ እርባታ ከገጽ አሥራ ሰባት እስከ ሠላሳ ሁለት ጠይቀኝ፣ አንድ ቃል አላስቀርም፤ መጀመሪያውን ሌላ ሰው ነው የሰፋው። ስለ ፍርድ ቤትም ይግባኝ እንዴት እንደሚባል አውቃለሁ፣ ክስ እንዴት እንደሚመሠረት ግን አላውቅም። ሳቅ እንግዲህ። አንድ ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቃለሁ። ማበጠሪያውን።

አዎ፣ ማበጠሪያ። አንተ መድረክ ላይ «ባለ ብዙ ነጥብ የመብሻ ሥርዓት» ያልከው ነገር እኛ ዘንድ ስሙ ማበጠሪያ ነው።

ወፍራም መዝገብ ሲሰፋ እያንዳንዱ የታጠፈ ወረቀት እጥፋቱ ላይ አምስት ቦታ በወስፌ ይበሳል። አንድ መዝገብ ሃያ እጥፋት አለው። መቶ ቀዳዳ ማለት ነው፤ መቶ ጊዜ በአውራ ጣት መግፋት። የእትዬ የቀኝ አውራ ጣት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አልታጠፍም አለ። አንድ ጠዋት የሹራባቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አገኘኋቸው። ቆለፍኩላቸው። «ብርዱ ነው» አሉኝ። ብርድ አልነበረም። ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው ያን ቀን ነው። እናንተ ፎቅ ላይ አዲስ ነገር የሚወለደው በስብሰባ ይመስላችኋል። የሚያም ቦታ ላይ ነው የሚወለደው፣ ወንድሜ። ጣት ላይ፣ ወገብ ላይ።

ሐሳቡ የመጣልኝ እትዬ ከሽርጣቸው ኪስ ከማይለዩዋት ከአንዲት የተሰባበረች የፀጉር ማበጠሪያ ነው። አምስት ጥርስ ብቻ ነው የቀራት። ወረቀቱ ላይ ይጫኗትና አምስት ነጥብ ታትማለች፤ በነጥቡ ላይ በወስፌ ይበሳሉ። አንተ «እትዬ፣ ወረቀቱ ቅማል አለበት እንዴ?» ትላቸው ነበር። እሳቸውም «አንተ ግጥም የጻፍክበት ከሆነ አይጠፋም» ይሉሃል።

እኔ አምስት የወስፌ ጫፍ እንጨት ላይ ተከልኩ። ከተጣለ ወንበር ሞላ ፈታሁ፣ ከብስክሌት የፍሬን እጀታ ገጠምኩ። ስድስት ሳምንት፣ በየምሳ ሰዓቱ። እንጨቱን አንተ ትይዝልኝ ነበር፣ አልክድም። አንዴ ጣትህን ወግቼህ «ለሳይንስ የፈሰሰ ደም» ብለህ ሙጫ ቀባህበት። ሲያልቅ እጀታውን በመዳፍ አንዴ መጫን ነው፤ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ፣ ያለ አውራ ጣት። እትዬ መጀመሪያ የበሱ ቀን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስተው በቀዳዳዎቹ ብርሃኑን አዩና «እሰይ» አሉ።

ስህተቴንም አልደብቅም። መጀመሪያ ስሠራው አምስቱን ጥርሶች በማስመሪያ ለክቼ እኩል እኩል ነው የተከልኳቸው፣ እንዲያምር ብዬ። አርባ መዝገብ ሰፋንበት። ከዚያ አንተ አንዱን ገልጠህ «ራዲዮ፣ ይሄ መዝገብ ጠጥቷል» አልከኝ። ገጽ ሠላሳ ሦስት በአናቱ ቆሟል። ቀዳዳዎቹ እኩል ሲራራቁ ወረቀቱ ላዩም ታቹም አንድ ይሆንና ተገልብጦም ይገጥማል። እጅ ሲፈጥን ሰፊዋ በምን ታውቃለች? አርባውንም ስንፈታ ሁለት ቀን ዋልን። አንተ መዝገቡን በማዞር ፈንታ ራስህን ግድግዳው ላይ ዘቅዝቀህ፣ እግርህን ወደ ጣሪያ ሰቅለህ አነበብክልን። እትዬ ከሳቃቸው ብዛት ክራቸው ተወሳሰበባቸው። በማግስቱ አምስተኛውን ጥርስ ከአራተኛው በአንድ ጣት ስፋት አራቅሁት። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ከተገለበጠ ቀዳዳው አይገጥምም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ገጽ በአናቱ አልቆመም።

በተስተካከለው ማበጠሪያ መጀመሪያ የሰፋሁት የማንን ወረቀት ነው? የአንተን ግጥሞች። በቅንጥብጣቢ ወረቀት ሁሉ ላይ እየጻፍክ ኪስህ ውስጥ የምታጉራቸውን ሰብስቤ፣ አስተካክዬ፣ አረንጓዴ ሽፋን አድርጌ ሰጠሁህ። አገላብጠህ አየኸውና የመጀመሪያው ገጽ ላይ እዚያው ፊቴ ጻፍክ፦ «ግጥሙ የእኔ፣ ስፌቱ የራዲዮ።» ያኔ የሰው ስም መጻፍ ታውቅበት ነበር።

የጽሑፍ አራሚያችንንም ሽኝት አልረሳሁም። አንዱ ያንተን ግጥም የማን እንደሆነ ሳይናገር አነበበው፤ ሰው አጨበጨበለት። አንተ ሳምንት ሙሉ ምሳ አልበላህም። «የደከመበትን ሰው ሳይጠሩ ማንበብ ሌብነት ነው» አልከኝ። «እኔ እዚያው ተቀምጬ!» አልከኝ። ሳህኑን እየገፋሁልህ ያባበልኩህ እኔ ነኝ። እዚያው ተቀምጠህ። እኔስ የት የተቀመጥኩ መሰለህ?

እንግዲህ ወደ ቅጹ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጥራዝ ክፍል ገብተው ማበጠሪያውን አዩ። «ይሄን ማን ሠራው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። «በርቺ! ለፈጠራ ውድድር ይቅረብ፣ ቅጽ ሙይ» አሉኝ። እኔና ቅጽ እንደማንስማማ ታውቃለህ። ይዤው ወደ አንተ መጣሁ። «ሙላልኝ፣ ቃሉ አንተ ጋ ነው» አልኩህ። ጮክ ብለህ እያነበብክ ትሞላለህ። «የባለቤት ስም» አልክ።

«ባለቤት የለኝም» አልኩህ። «ደግሞ ባል ቢኖረኝ ባይኖረኝ እነሱን ምን አገባቸው?»

እስክሪብቶውን ጣልክና ሳቅህ። እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። «የዕቃውን ባለቤት ነው የሚሉሽ፣ የአንቺን አይደለም!» ስትለኝ እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም ወንበሩን ይዘን ሳቅን። «ቆይ፣ ይቺን በኋላ እንሞላታለን» ብለህ ባዶ ተውካት።

ሞላሃት። «እንሞላታለን» ያልከውን ረስተህ ብቻህን ሞላሃት።

ካንተ በደል ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስድብ አይደለም፣ ግፊያ አይደለም፣ አብረን የሳቅንባት ባዶ ቦታ ናት። ቀልዴን ወስደህ መግቢያ በር አደረግከው።

ከዚያ የውድድሩ ቀን፣ አዳራሹ። ባነር ተሰቅሏል፣ ውሃ በየጠረጴዛው ተደርድሯል፣ አንተ ትከሻው የሰፋህ አዲስ ኮት ለብሰሃል። ማበጠሪያው ሰማያዊ ተቀብቷል፣ እጀታው አብረቅርቋል። እኛ ሰፊዎቹ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነን። ስሜን ስትጠራ እንድነሳ ቀሚሴን አስተካክዬ ጠበቅሁ። አንተ ግን ጉሮሮህን ጠርገህ እንዲህ አልክ፦ «በእጅ የተሠራው የቀድሞ ናሙና የጥርሶች መዛነፍ ስህተት ነበረበት። እኔ በስሌት አስተካክዬዋለሁ።» አዳራሹ አጨበጨበ። ልንገርህ? እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ጆሮዬን ቀደመው። አጠገቤ ያለችው ሰፊ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ምን ሆነሻል?» ባትለኝ አሁንም እያጨበጨብኩ ነበር።

«ፈጠራ» የሚለውን ቃል ያን ቀን ሃያ ጊዜ አልከው፤ ቆጥሬያለሁ። እኛ ጥራዝ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር «መላ» ነበር የምንለው። «መላ አገኘሁ» እንላለን። «ፈጠራ» የምንለው ሰው የሌለ ወሬ ሲያወራ ነው። «ሂድ፣ ፈጠራህን ተው» እንላለን። እና መድረኩ ላይ ቆመህ «ይህ የእኔ ፈጠራ ነው» ስትል፣ እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ «እሱስ ልክ ነህ» አልኩ። በዕለቱ ከተነገረው ሁሉ እውነት የነበረው ያ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ መዝገበ ቃላት ነህ፤ የአንድ ቃል ሁለት ፍቺ አይጠፋህም።

ደወሉ ተደወለ። ነገ እቀጥላለሁ።

*

ይኸው ዛሬ። ከላይ ያለውን ከመለጠፌ በፊት ለእትዬ አነበብኩላቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲያጨበጭቡልኝ ነበር። ክራቸውን በሰም እያሹ ሰሙኝ።

«እንዴት ነው እትዬ?»

«ድምፅሽ ጥሩ ነው።»

«ጽሑፉስ?»

«ለእኔ ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ለእርስዎ እንጂ! እንዲህ ያለ በደል ሲደርስብዎ ዝም ልበል?»

«እስቲ ያን የአምስተኛውን ጥርስ ነገር መልሰሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። «በማግስቱ አምስተኛውን ጥርስ ከአራተኛው በአንድ ጣት ስፋት አራቅሁት።» ትናንት ስጽፈው የቀለለኝ ነገር ዛሬ ምላሴ ላይ ከበደኝ።

«እህ» አሉ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ሥራ አስኪያጁ መጥተው ‹ማን ሠራው?› ያሉ ቀን እኔ እዚያው አጠገብሽ ነበርኩ፣ ክር እያስገባሁ። አንቺ ‹እኔ› አልሽ። ያ ልጅም ቆሞ ይሰማ ነበር። ከማን የተማረው ይመስልሻል?»

ቢቆጡኝ ኖሮ በተሻለኝ። አልተቆጡም። «ሹራብሽን ገልብጠሽ ለብሰሻል» እንደሚሉኝ ነው ያሉኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን እጥፋት አንስተው መስፋት ቀጠሉ።

ራዲዮዋ ጠፋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማጥፊያዬን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ተመልሼ የትናንቱን ወረቀት ልቀድደው ያዝኩና ተውኩት። ይቀመጥ፣ ሰው ያንብበው። ስለ እሳቸው ልጽፍ ተነስቼ ስንት ጊዜ «እኔ» እንዳልኩ ሰው ይቁጠርልኝ።

እውነቱ ይኸውልህ። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከእሳቸው ሌላ ሁለታችን ብቻ ነን የምናውቀው። አርባውን መዝገብ በምንፈታበት ቀን፣ አንተ ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቀህ ሳለህ፣ እትዬ ሳቃቸውን ጨርሰው ማበጠሪያቸውን ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ። መብራቱ ላይ አንስተው አሳዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን ደህና አድርገሽ አላየሻትም» አሉኝ። «አምስተኛዋ ጥርስ ለምን የራቀች ይመስልሻል?»

«ተሰብራ ነዋ።»

«የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ። ሌላውን ጥርስ ሁሉ ለቅሜ ሰብሬ እነዚህን ያስቀረሁ እኔ ነኝ። አምስተኛዋ ስትርቅ ወረቀቱ ከተገለበጠ ቀዳዳው አይገጥምም። መርፌዋ ራሷ እምቢ ትላለች። ጀማሪ ሳለሁ ስንቱን ገልብጬ ሰፍቼ፣ ስንት ስድብ ጠጥቼ ነው ያወቅሁት።»

አንተ ከተዘቀዘቅህበት «እትዬ፣ እርስዎ እኮ መሐንዲስ ነዎት!» አልክ። ደሙ ወደ ራስህ ወርዶ ፊትህ ቲማቲም መስሎ ነበር። እሳቸውም «መጀመሪያ አንተ በእግርህ ቁም» አሉህ።

እኔ መዛነፉን ስህተት መስሎኝ በማስመሪያ አቃናሁት፤ አርባ መዝገብ ገለበጥኩ። እሳቸው አስተማሩኝ፣ አራቅሁት። ከዚያ «እኔ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ስትወጣ አትከብድም። አንተም ሦስት ዓመት ቆይተህ መጣህና እንደገና አቃናኸው። እኔን ከወረቀቱ ስታወጣ ጥርሷንም አብረህ አወጣሃት። የሰው ዕውቀት ያለባትን ብቸኛ ቦታ መርጠህ «ስህተት» አልካት። ረስተኸው ነው? ወይስ ያቺ ራቅ ያለች ጥርስ መድረክ ላይ ቆመህ እያየችህ አላስችል አለችህ? ስሌት ነው ያልከው። የምን ስሌት! እትዬን ቀንሰህ የቀረውን ለአምስት አካፈልክ።

አሁን ሰማያዊው ማሽን ሥራ ጀመረ። በሁለት ሳምንት ዘጠኝ የተማሪ መዝገቦች ገጻቸው በአናቱ ቆመ። አንስቼ አይቻቸዋለሁ። በቀዳዳዎቹ መሀል ያለውን በማስመሪያ ለክቻለሁ፤ እኩል ናቸው፣ እንደ ወታደር ሰልፍ። እና ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ? የእትዬ ዓይን ደከመ። ማሽኑ የሳተውን እሳቸው ሊሸከሙት ነው። ጣታቸው እንዲያርፍ የተሠራ ነገር እሳቸውን ሊያባርር ነው፣ ለዚያውም የእሳቸውን ጥርስ ነቅሎ። ሐሙስ አሥር እንዲህ ያለ ማሽን ሲጸድቅ፣ ስንት የተዘቀዘቀ መዝገብ፣ ስንት የሚሰደብ ሰፊ እንደሚመጣ አስበው።

አዲስ ነገር ጠላቴ አይደለም። ሲፈልጉ አሥር አይደለም መቶ ማሽን ያስገቡ፤ እኔ ራሴ ዘይት እቀባቸዋለሁ። ሌላም ሐሳብ አለኝ፤ ሙጫው ሳይደርቅ ገጹ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እጄን ይበላኛል፣ እንቅልፌን ይነሳኛል። ግን አፌን ይዣለሁ። የማበጠሪያውን ዕጣ ካየ በኋላ ማነው ደፍሮ መላ የሚያወጣ? ጠይቅ እስቲ፣ ዞረህ ጠይቅ። መቁረጫው ላይ ያለው ሰውዬ ምላጩ ቶሎ የማይደንዝበትን ዘዴ ያውቃል፤ ለማንም አይናገርም። «ነግሬያቸው ደግሞ እኔኑ ያስወጡኝ?» አለኝ። እናንተ ፎቅ ላይ «ሠራተኛው ለምን ፈጠራ አያመጣም?» እያላችሁ ጥናት ታስጠናላችሁ። ጥናቱን እኮ እኛ ነን የምንሰፋው። ከገጽ አርባ ዘጠኝ እስከ ስልሳ አራት አንብቤዋለሁ። «የሠራተኛው የተነሳሽነት ማነስ» ይላል። በቃ፣ ወደ መስኮቱ ሄጄ ልምጣ።

መጣሁ።

ሐሙስ የማደርገውን አስቀድሜ ልንገርህ፣ አድብታ ጠበቀችኝ እንዳትል። ስብሰባው ሲከፈት እጄን አነሳለሁ። ሥራ አስኪያጁ ዕድል ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም እቆማለሁ፤ ድምፄን ታውቀዋለህ፣ ማጉያ አያስፈልገውም። መጀመሪያ በራሴ ላይ ነው የምናገረው። «ያን ቀን ‹ማን ሠራው?› ሲሉኝ ‹እኔ› ያልኩት ግማሽ ውሸት ነበር» እላለሁ። «እንጨቱና ሞላው የእኔ ነው። ጥርሱ የእትዬ ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ስማቸውን አልጠራሁም» እላለሁ።

ከዚያ ተራው ያንተ ነው።

ቤትህ ሂድና ያን አረንጓዴ ሽፋን ያለውን የግጥም ደብተርህን አውጣ። አልጣልከውም፤ አንተ ራስህ የጻፍከውን ነገር የምትጥል ሰው አይደለህም። መሀሉን ገልጠህ ክሩን ተመልከት። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ቀዳዳዎች እኩል ናቸው። አምስተኛው ይርቃል። ጣትህን አስገባበት፣ ልክ ይገባል። ግጥምህን ይዞልህ የኖረው ስህተት ያልከው ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ገጽ አልወደቀብህም፣ አንድም ገጽ አልተገለበጠብህም።

ደብተሩን ሐሙስ ይዘኸው ና። ከሰማያዊው ማሽን ጎን አስቀምጠውና ሰው ሁሉ ይየው። ሰዎች ከመባረራቸው በፊት፣ ማኅተም ከመመታቱ በፊት። ኮትህን ልበስ፣ መነጽርህንም አድርግ፣ ትልልቅ ቃልህንም አምጣ፤ አልከለክልህም። ከዚያ ሁሉ ቃል ግን የምፈልገው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። የእኔን አይደለም። የእኔን ተወው፣ ባዶዋ ቦታ ላይ ማንን እንደምትጽፍ በኋላ እንስማማለን። ምናልባት ደግሞ አብረን እንስቅ ይሆናል፤ ሳቅህን ጠልቼው አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ልትገነጥለው ብታስብ፣ ሌሎች ሦስት ገልብጬ ሰጥቻለሁ። አንዱ መቁረጫው ጋ ነው፣ አንዱ በረኛው ጋ፣ አንዱን እትዬ ሽርጣቸው ኪስ ከተውታል፣ ከማበጠሪያቸው ጋር። «ለምንድን ነው የሚይዙት?» ስላቸው «ሐሙስ ዓይኔ ደከመ ሲሉኝ አነብላቸዋለሁ» አሉኝ።

እንጨቱን የያዝክላት፣
ራዲዮ፣ ከጥራዝ ክፍል

ጥያቄው ይህ ነው፤ ትልቅ አድርጌ የጻፍኩት ከኋላ ያሉትም እንዲያዩት ነው። አምስተኛው ጥርስ ለምን ራቀ? ያራቀውስ ማነው? በጸሐፊህ በኩል አይደለም፣ በወረቀት አይደለም፣ ደረጃው ላይ ጠርተህ በጆሮዬም አይደለም። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ እትዬ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ቆመህ መልስ።